ከቁርስ በፊት የሚቀዳ ደም



ጤና ጣቢያም ሆነ ትልቅ ሆስፒታል ሄዳችሁ የስኳር ምርመራ ሲታዘዝላችሁ «ነገ ጠዋት ምንም ሳትቀምሱ ኑ» መባላችሁ አይቀርም። አብዛኛው ሰው የተባለውን ይፈጽማል፤ ለምን እንደተባለ ግን የሚነግረው የለም። ምክንያቱን ያልተነገረው ሰው ደግሞ «አንዲት ስኒ ቡና ምን ታመጣለች» ብሎ ከቤቱ ጠጥቶ ይወጣል። ሌላው ረፋዱን ጉዳዩን ጨርሶ ከሰዓት በኋላ ይመጣል። ሌላው ደግሞ አንድ ቀን በወጣለት ቁጥር ብቻ «ስኳር አለብኝ» ብሎ ለዘመድ አዝማድ ያውጃል። ዛሬ የማወራችሁ በባዶ ሆድ ከተቀዳ ደም ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም እንዴት እንደሚለይ ነው። ከዚያ በላይ ግን ቁጥሩ መቼ እንደሚታመንና መቼ እንደሚጠረጠር እንድታውቁ እፈልጋለሁ።

ከሌሊቱ እንጀምር። በአንድ ጤነኛ ጎልማሳ ደም ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚዘዋወረው ግሉኮስ ተሰብስቦ ቢመዘን ከ4 እስከ 5 ግራም ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ቢሞላ ነው። አንጎል ብቻውን በየሰዓቱ 5 ግራም ገደማ ይፈጃል። እንግዲህ ራት በልቶ የተኛ ሰው እስኪነጋ ድረስ በምን ያድራል? የሚያሳድረው ጉበት ነው። ጉበት እንደ ጎተራ ከምግብ የተረፈውን ግሉኮስ አከማችቶ ሌሊቱን እየሰፈረ ያወጣል። ክምችቱ ሲሳሳም ከሌሎች ንጥረ ነገሮች አዲስ ግሉኮስ ይሠራል። ስንት መስፈር እንዳለበት የሚቆጣጠረው ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን ነው። ኢንሱሊን ሲበረክት ጉበት እጁን ይሰበስባል፣ ሲያንስ ይለቃል።

በዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም ይህ ቁጥጥር ይላላል። ጉበት የኢንሱሊንን ትእዛዝ እንደ ቀድሞው አይቀበልም፤ ቆሽትም እምቢታውን የሚያሸንፍ ያህል ኢንሱሊን ማመንጨት ያቅተዋል። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ ማንም ያላዘዘው ግሉኮስ ወደ ደም ይፈሳል። ጠዋት ቁርስ ሳይበላ የመጣ ሰው ደሙ ውስጥ የተገኘው ስኳር ትናንት ከበላው ድፎ ዳቦ የመጣ አይደለም፤ ራሱ ሰውነቱ ሲያወጣው ያደረ ነው። የምትከለከሉትም ለዚህ ነው። ትንሽ ምግብ እንኳ ከገባ ላቦራቶሪው የሚለካው የሁለቱን ድብልቅ ይሆንና የጉበቱ ሥራ ከምግቡ ሳይለይ ይቀራል።

ባዶ ሆድ የሚባለው ቢያንስ ለ8 ሰዓት ኃይል የሚሰጥ ነገር ሁሉ ሳይቀመስ ሲቀር ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ራቱን የበላ ሰው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ደም ቢሰጥ ከበቂ በላይ ነው። ውሃ ይጠጣል፤ እንዲያውም ውሃ የጠጣ ሰው ደም ሥሩ ቶሎ ይገኛል። ጠበልም ውሃ ስለሆነ ምርመራውን አያበላሽም። ቡናና ሻይ፣ ስኳር ባይገባባቸውም፣ ይቆዩ። ማስቲካም ይቆይ። በዓቢይ ጾም ወቅት ደግሞ «ጾመዋል?» ሲባል «አዎ፣ ጾመኛ ነኝ» ብሎ ሽሮውን በልቶ የሚመጣ አለ። ጥፋቱ የእሱ ሳይሆን የጠያቂው ነው፤ «ከትናንት ማታ ጀምሮ ምን ቀምሰዋል?» ብሎ መጠየቅ ነበረበት።

አሁን ወደ ቁጥሩ። በባዶ ሆድ ከደም ሥር የተቀዳ ደም ፕላዝማው፣ ማለትም ሕዋሳቱ ሲለዩ የሚቀረው ፈሳሽ፣ ሲለካ ግሉኮሱ በዴሲሊትር 126 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ የስኳር ሕመም መለያ መስመር ላይ ደርሷል ይባላል። ከ100 በታች ጤናማ ነው። በመካከል ያለውን በኋላ እመለስበታለሁ። ውጭ አገር ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ፤ እንግሊዝና ስዊድን የሚጠቀሙበት መለኪያ ሚሊሞል በሊትር ነው፤ የእኛን ቁጥር ለ18 ስታካፍሉት የእነሱን ታገኛላችሁ። ልጅ ከስቶክሆልም ደውሎ «እማዬ፣ ስኳሬ 7 ነው» ሲላት እናት አዲስ አበባ ሆና «ተመስገን፣ የእኔማ 110 ነው» ብትለው፣ ሐኪም ማየት ያለበት ልጁ ነው። 7 ማለት 126 ነውና።

ይህ 126 ከየት መጣ? በድሮ ጊዜ ሐኪም የሚያየው ሽንት ነበር። የሊቨርፑሉ ሐኪም ማቲው ዶብሰን እ.ኤ.አ. በ1776 የታማሚን ሽንት አትንኖ ስኳር እንደሚቀር አሳየ። በእኛም አገር «ሽንቱን ጉንዳን ወረረው» እየተባለ የሚጠረጠር ነበር፣ ዛሬም አለ። ነገር ግን ኩላሊት ስኳርን ወደ ሽንት መልቀቅ የሚጀምረው የደሙ ስኳር 180 አካባቢ ሲደርስ ነው። ጉንዳን እስኪመጣ የጠበቀ ሰው ብዙ ዓመት ዘግይቷል።

የደም ምርመራ ከተስፋፋ በኋላም ቢሆን መስመሩ የት ይሰመር የሚለው ለረጅም ጊዜ አላስማማም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1979 የተሰበሰበ የባለሙያዎች ቡድን 140 ላይ አሰመረው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በዓመቱ ተቀራራቢ መስፈርት አወጣ። በ1997 የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር የሠየመው ኮሚቴ ወደ 126 አወረደው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 ተከተለ። በአንድ ሌሊት፣ 130 ወይም 135 ስኳር ይዘው «ጤነኛ» ሆነው የተኙ ሰዎች «ታማሚ» ሆነው ነቁ ማለት ነው። በሰውነታቸው የተለወጠ ነገር አልነበረም።

ኮሚቴው መስመሩን ሲያወርድ የተመለከተው ዓይንን ነው። የስኳር ሕመምን ከሌሎች ሕመሞች ለይቶ የሚያሳውቀው ጉዳት ሬቲና በተባለው የዓይን ውስጠኛ ሽፋን ላይ የሚደርሰው ነው፤ የልብና የአንጎል ደም ሥር ጉዳት በብዙ ምክንያት ይመጣል። ስለዚህ የሦስት ሕዝቦች መረጃ ተወሰደ። አንደኛው፣ አሪዞና ውስጥ በጊላ ወንዝ አካባቢ የሚኖሩት ፒማ የተባሉ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ናቸው፤ ከ1965 ጀምሮ ተመራማሪዎች ሲከታተሏቸው ቆይተዋል። ሌሎቹ የግብጻውያንና የአሜሪካ አገር አቀፍ ጥናት ነበሩ። ሰዎቹ በስኳራቸው መጠን ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ ሲደረደሩ፣ በታችኞቹ ምድቦች የሬቲና ጉዳት እምብዛም አይታይም፤ የሆነ ቦታ ላይ ሲደርስ ግን ሽቅብ ይወጣል። ያ መታጠፊያ ከ140 በታች ነበር። ሌላም ምክንያት ነበራቸው። 140 የሚለው መስመር፣ 75 ግራም ግሉኮስ ጠጥተው ከሁለት ሰዓት በኋላ 200 የሚደርሱ ብዙ ታማሚዎችን እያሳለፈ ነበር፤ የሚጠጣውን ምርመራ ደግሞ ረጅምና አድካሚ ስለሆነ ሐኪሞች አያዝዙትም። ስለዚህ የባዶ ሆዱ ምርመራ ለብቻው እንዲበቃ ሆኖ ተስተካከለ።

በ2008 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ፣ ሌሎች ሦስት ሕዝቦችን ያየ ጥናት ግን እንዲህ ያለ ጥርት ያለ መታጠፊያ አላገኘም፤ የዓይን ጉዳቱ ከመስመሩ በታችም ይታያል፣ ቀስ እያለም ይጨምራል። እኔ እዚህ ላይ ያለኝ አስተያየት ግልጽ ነው። 126 የተፈጥሮ ድንበር አይደለም፤ በቂ ምክንያት ይዘው ሰዎች የተስማሙበት መስመር ነው። ይህን የምነግራችሁ እንድትንቁት አይደለም። በ124 እና በ127 መካከል ያለው ልዩነት እንቅልፍ የሚነሳ እንዳልሆነ፣ በ127 እና በ260 መካከል ያለው ግን በጣም ሰፊ መሆኑን እንድታዩ ነው።

ደሙ ከተቀዳ በኋላ ስለሚሆነው ነገር ትንሽ ልቆይ፤ ታካሚ የማያየው፣ ሐኪምም ብዙ ጊዜ የሚረሳው ክፍል ነውና። ቱቦ ውስጥ የገባው ደም ሕያው ነው። ቀይና ነጭ የደም ሕዋሳት ግሉኮሱን መብላታቸውን አያቆሙም፤ በተለመደ የክፍል ሙቀት በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ይቀንሳል፣ ሙቀቱ ሲጨምር ደግሞ ይፈጥናል። 130 የነበረ ደም ፕላዝማው ሳይለይ ሁለት ሰዓት ቢቆይ 115 አካባቢ ሆኖ ሊነበብ ይችላል። ታማሚው ጤነኛ ነህ ተብሎ ይሸኛል፤ የሚያስከፋው ይህ ነው። ስህተቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ሕመሙን ወደ መደበቅ ያደላል።

ለዚህ ተብሎ ግራጫ ክዳን ያለው፣ ሶዲየም ፍሎራይድ የተጨመረበት ቱቦ አለ። ብዙዎች ይህ ቱቦ ካለ ሁሉም አለቀ ይላሉ። ፍሎራይድ ግን ሥራውን በደንብ የሚይዘው ዘግይቶ ነው፤ በመጀመሪያው አንድና ሁለት ሰዓት ውስጥ መቀነሱ ይቀጥላል። አስተማማኙ መንገድ ቱቦውን ወዲያው በረዶ ባለበት ውሃ ውስጥ አስገብቶ በ30 ደቂቃ ውስጥ ፕላዝማውን መለየት፣ አለዚያም ቶሎ የሚሠራ ሲትሬት የተጨመረበት ቱቦ መጠቀም ነው። ናሙና ከአንድ ጤና ተቋም ወደ ሌላው በመኪና በሚላክበት ቦታ ይህ ቀላል አይደለም። ቢያንስ ደሙ የተቀዳበትና የተለካበት ሰዓት ቢመዘገብ፣ ውጤቱን የሚያነበው ሐኪም የሚያስብበት ነገር ያገኛል።

ከጣት የሚወሰደው ጠብታስ? በየአደባባዩ ነፃ ምርመራ ሲሰጥ የምታዩት ትንሽ መሣሪያ ለክትትል የተሠራ ነው። ሕመሙ የታወቀ ሰው መድኃኒቱ እየሠራለት መሆኑን ያይበታል፣ ለዚያም ትልቅ ውለታ ይሠራል። ዓለም አቀፉ የመሣሪያዎቹ መስፈርት ግን ከ100 በላይ በሆነ ስኳር ላይ፣ ከመቶው ንባብ 95ቱ ከትክክለኛው እስከ 15 በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ ቢሉ ይፈቅዳል። ላቦራቶሪ ውስጥ 126 የሆነ ሰው በመሣሪያው 107ም 145ም ቢያይ መሣሪያው ተበላሽቷል አይባልም። ማንጎ የላጠ እጅ ሳይታጠብ ቢወጋ ደግሞ ጣት ላይ የቀረው ጭማቂ ቁጥሩን ከጣሪያ በላይ ያወጣዋል። ስለዚህ በአደባባይ 140 የተባለ ሰው ያገኘው ነገር ቢኖር ላቦራቶሪ ሄዶ በትክክል የሚመረመርበት ጥሩ ምክንያት ነው። ሕመሙ ተለየ ማለት ግን አይቻልም።

ወደ ሰዓቱ ልመለስ፤ ይህ እኛን በተለይ ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ2000 ጃማ በተባለው የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ጠዋት የተመረመሩትን ከሰዓት በኋላ ከተመረመሩት ጋር አነጻጸረ። ሁለቱም ምግብ ሳይበሉ የቆዩ ናቸው። የጠዋቶቹ አማካይ ስኳር 97፣ የከሰዓቶቹ 92 ገደማ ሆነ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን 126 የደረሱት ሰዎች ድርሻ ከሰዓት በኋላ በግማሽ ገደማ ወረደ። ንጋት ላይ ኮርቲሶልና የዕድገት ሆርሞን ጉበትን ይቀሰቅሱታል፤ እየዋለ ሲሄድ ይረጋጋል። መስመሩ የተሰመረው በጠዋት ደም ላይ ስለሆነ፣ በከሰዓት ደም ስንለካው ያታልለናል።

እንግዲህ በዓቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ሰው «ገና ምንም አልቀመስኩም» ብሎ 8 ሰዓት ላይ ላቦራቶሪ ቢደርስ፣ ቃሉ እውነት ነው፣ ሰዓቱ ግን ተሳስቷል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቢመጣ ጾሙም ምርመራውም አይነካም። የረመዳኑ ትንሽ ይጠነክራል። ከንጋት በፊት ሱሑር የበላ ሰው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ከበላ ገና ሦስት ሰዓት ገደማ ነው፤ 8 ሰዓቱ እስኪሞላ ቢጠብቅ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ይሆንበታል። ምልክት የሌለውና የማይቸኩል ሰው ምርመራውን ከረመዳን በፊት ወይም ከዒድ በኋላ ቢያደርገው ይሻላል። ምልክት ያለበት ግን አንድም ቀን አይጠብቅ።

ምልክት ያልኩትን ልብ በሉልኝ፤ በዚህ ንግግር ውስጥ ከሁሉም በላይ የምጨነቅበት እዚህ ላይ ነው። አፉ እየደረቀ ውሃ የማይጠግብ፣ ሌሊት ደጋግሞ ለሽንት የሚነሳ፣ እየበላ የሚከሳ ሰው ከሰዓት በኋላ ቢመጣ «ነገ ጠዋት ጾመህ ና» ተብሎ መመለስ የለበትም። እንዲህ ላለው ሰው በማንኛውም ሰዓት፣ በልቶም ሳይበላም፣ የፕላዝማ ስኳሩ 200 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሕመሙ ታውቋል። ድጋሚ ምርመራም አያስፈልገውም። በተለይ ወጣት ከሆነ፣ የሚያስመልሰው፣ ሆዱን የሚያመው፣ ትንፋሹ የሚፈጥን ከሆነ ነገን መጠበቅ ሕይወቱን ሊያስከፍለው ይችላል። «ሳትቀምሱ ኑ» የሚለው ትእዛዝ ምልክት ለሌላቸው ሰዎች የተበጀ ነው።

ምልክት የሌለው ሰውስ በአንድ ቀን 126 ወይም 130 ቢወጣለት? ይደገምለታል። የአንድ ሰው የጠዋት ስኳር ከቀን ወደ ቀን 5 በመቶ ገደማ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ዛሬ 127 ያየ ነገ 120 ቢያይ የሚገርም አይደለም። በዚያ ላይ ሳንባ ምች ይዞት የመጣ፣ ለአስም ፕሬድኒሶሎን የሚወስድ ሰው ስኳሩ ለጊዜው ይወጣል። ስለዚህ በሌላ ቀን ሁለተኛ ጊዜ ይለካል፣ ወይም ከዚያው ደም ላይ የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው ኤችቢኤዋንሲ የተባለው ምርመራ ይጨመራል፤ እሱ 6.5 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነና የባዶ ሆዱም 126 ከደረሰ ሁለት ምስክር ቆሟል። ከሁለቱ አንዱ ብቻ መስመሩን ካለፈ ያለፈው ይደገማል። ኤችቢኤዋንሲ ጾም አይፈልግም፣ ሰዓትም አይመርጥም፤ ነገር ግን ዋጋው ይወደዳል፣ የደም ማነስም ያሳስተዋል። የብረት እጥረት ከፍ ሊያደርገው፣ ቀይ የደም ሕዋሳት ቶሎ የሚፈርሱበት ሕመም ደግሞ ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። ወባ ባለበት ቆላ የሚኖር ሐኪም ይህን ሳያስብ ቢያነበው ይሳሳታል። ለእኛ አገር የጠዋቱ ደም አሁንም ዋነኛው መሣሪያ ነው የምለው ለዚህ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ብዙ ቦታ አለ፣ በወጉ ከተሠራም ይታመናል።

በወጉ ተሠርቶም ግን የሚያመልጠው አለ። አንዳንድ ሰው ጉበቱ ሌሊቱን በልኩ ሲሰፍር ያድራል፤ ችግሩ ያለው ጡንቻው ላይ ነው። ምግብ ሲበላ የገባውን ስኳር ጡንቻው አይቀበለውም። የጠዋቱ ከ100 በታች፣ ከምሳ በኋላ ያለው 220 ይሆናል። ዲኮድ የተባለው የአውሮፓ ጥናት በ1999 እንዳሳየው፣ ግሉኮስ ጠጥተው ከሁለት ሰዓት በኋላ ስኳራቸው ከፍ የሚል ሰዎች የጠዋቱ ጤናማ ቢሆንም እንኳ የመሞት አደጋቸው ከሌላው ሰው ይበልጣል። ስለዚህ ወላጆቹ ስኳር የነበረባቸው ሰው፣ ወይም በእርግዝና ጊዜ ስኳሯ ወጥቶ የነበረ ሴት፣ የጠዋቱ ደም ጤናማ ቢባልም ሐኪሙ የሚጠጣውን ምርመራ ቢጨምር ተገቢ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ መስመሯ ሌላ ነው፤ በባዶ ሆድ 92 ከደረሰ ይበቃል።

«እኔ ቀጭን ነኝ፣ ስኳር የወፍራም ነው» የሚል ሰው ከመካከላችሁ አይጠፋም። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤላውያን ታሪክ ይመልስልኛል። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በገፍ ሲገቡ ሕመሙ በመካከላቸው እምብዛም አይታይም ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን የምግቡና የሥራው ዓይነት ሲለወጥ በፍጥነት ተስፋፋ፤ እዚያ የተደረጉ ጥናቶች ሕመሙን ያገኙት ወፍራም በማይባሉ ሰዎች ላይም ጭምር ነው። ከገጠር ወደ ከተማ፣ ከከተማም ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ወይም ወደ ዋሽንግተን የሄደው ወገናችን ከዚህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን በ2021 ባወጣው ግምት፣ በአፍሪካ ቀጣና ስኳር ካለባቸው ጎልማሶች 54 በመቶው መታመማቸውን አያውቁም። የአሜሪካው ማኅበር ምልክት ለሌለው ሰው እንኳ ከ35 ዓመት ጀምሮ ይመርመር ይላል፤ የዘር ሐረጉ ውስጥ ሕመሙ ያለበት ከዚያም ቢቀድም አልቃወምም።

በመጨረሻ፣ በ100 እና በ125 መካከል የቆሙት። የዓለም ጤና ድርጅት እዚህ ክልል ውስጥ የሚያስገባው ከ110 ጀምሮ ያለውን ነው፤ አሜሪካኖቹ በ2003 ወደ 100 አወረዱት። ሐኪሞቻችን «ድንበር ላይ ነህ» ይላሉ፤ ታካሚው ተደናግጦ ይወጣል ወይም ጨርሶ ይረሳዋል። በ2002 ውጤቱ የታወቀው ትልቁ የአሜሪካ የመከላከል ጥናት ስኳራቸው ከፍ ብሎ ገና ሕመም ያልተባሉ ከ3,000 በላይ ሰዎችን ሦስት ዓመት ገደማ ተከታትሏል። ከክብደታቸው 7 በመቶውን እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ብለው እንዲራመዱ የታገዙት ወደ ሕመሙ የመግባት ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ፤ ሜትፎርሚን የተባለውን መድኃኒት የወሰዱት በ31 በመቶ። 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 7 በመቶ ማለት ከ6 ኪሎ አይበልጥም። 118 የወጣለት ሰው እንግዲህ ሥራ አለው፤ በዓመቱም፣ ጠዋት፣ ቁርስ ሳይበላ፣ ከተቻለ በዚያው ላቦራቶሪ እንደገና ይለካል። የዘንድሮውን ወረቀት ይዞ ይምጣ።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።